ደብረ ብርሃን ላይ ምንም ያልነበረው ኦቨርክሎክ ሸዋ ሮቢት ስወርድ ብሉ ስክሪን እያመጣብኝ ነው

ካሜራማኑ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ነገሩ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ደብረ ብርሃን የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ፣ ማሽኔ ዴስክቶፕ ነው፣ ኮር አይ7 4790ኬ፣ ዜድ97 ማዘርቦርድ፣ 16 ጊጋ ራም፣ ኩለሩ ሃይፐር 212፣ ፓወር ሰፕላዩ 550 ዋት። ያገለገለ ነው የገዛሁት ግን ጤነኛ ነው። ፕሮሰሰሩን ኦቨርክሎክ አድርጌ፣ ማለትም ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ፣ ሁሉንም ኮር 4.7 ጊጋኸርዝ ላይ በ1.29 ቮልት አድርጌው ጥር ላይ ያ ሁሉ ሰርግ ሲደራረብ ሌሊቱን ሙሉ ሬንደር ሲያደርግ አድሮ ጠዋት አንድም ቀን አላሳፈረኝም። ሙቀቱ ቢበዛ 78 ነው የሚገባው። ፕሮሰሰር አስጨንቆ የሚፈትነውን ፕራይም 95ንም ማታ ከፍቼው እተኛለሁ ጠዋት ስነሳ ያለምንም ኤረር እየሰራ ነው የማገኘው፣ ስለዚህ ስቴብል ነው ብዬ ረስቼው ነበር።

አሁን ከፋሲካ በኋላ ወንድሜ ሸዋ ሮቢት ላይ ቤት ስለከፈተና የዚህ አካባቢ ሰርግ ስለበዛበት ማሽኑን ይዤ ወረድኩለት። እዚህ ጋር ግን ጉድ ነው። ጠዋት ጠዋት ደህና ይሰራና ከሰአት 8 እና 9 ሰአት አካባቢ ኤክስፖርት መሀል ላይ ብሉ ስክሪን ያመጣል፣ መጨረሻው ላይ 124 የሚል ኮድ ነው ያለው። አንዳንዴ ደግሞ ብሉ ስክሪንም የለ ምንም የለ ድው ብሎ ይጠፋና ራሱ ይነሳል። ከሁሉም ያናደደኝ ግን ሳይጠፋ ጨርሶ ቪዲዮውን ስናየው ሙሽራዋ ኬክ ስትቆርስ መሀል ላይ አረንጓዴ ነገር ብልጭ ብሎ ያልፋል፣ ኦሪጅናሉ ፉቴጅ ላይ ግን የለም።

ጥያቄዬ፣ ቮልቱን ወደ 1.35 ላሳድገው ወይስ የውሃ ኩለር ልግዛ ወይስ ፕሮሰሰሩ አርጅቶ ነው? ደንበኞቹ ሰርጋቸውን እየጠበቁ ነው ባካችሁ ቶሎ

ቁርጥ_ከነአዋዜው

ሸዋ ሮቢት በግንቦት እንኳን ኮምፒውተር ሰውም ብሉ ስክሪን ያወጣል ሃሃሃ። ማሽኑን ወደ ብርድ ልብስ ሀገር መልሰው

ቮልቴጅ

ቮልቱን እንዳትነካው! 1.35 ብታደርገው ጭራሽ ታብሰዋለህ፣ ችግሩ ቮልት ማነሱ ቢሆንም እንኳን መፍትሄው መጨመር አይደለም፣ እንዴት መሰለህ ቆይ ላስረዳህ።

ደብረ ብርሃን ማታ ክፍልህ ውስጥ 13 ዲግሪ ነበር እንበል። ፕሮሰሰሩ 78 ሲያሳይህ ከክፍሉ አየር በ65 ዲግሪ በልጦ ነበር ማለት ነው። ኩለር የሚባለው ነገር ሙቀቱን አያጠፋውም፣ ያንን ልዩነት ነው የሚጠብቅልህ። ሸዋ ሮቢት ከሰአት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ 34 ከሆነ 34 ሲደመር 65፣ 99 መጣልህ። 4790ኬ ደግሞ 100 ላይ ራሱን ማዘግየት ይጀምራል። ስለዚህ አርጅቶም አይደለም ምንም አይደለም፣ ድሮም ጫፍ ላይ ነበር የቆመው፣ ብርዱ ነው የደበቀልህ።

በነገራችን ላይ ሰው ሁሉ ደብረ ብርሃን ለኮምፒውተር ገነት ይመስለዋል፣ ግማሹ ነው ትክክል። ከተማው 2,800 ሜትር ላይ ነው፣ እዛ የአየር ግፊቱ የባህር ጠረፍ ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ፋኑ ያው በደቂቃ በሚዞረው ልክ ቢዞርም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ ይዞት የሚሄደው ሙቀት ያንሳል። ለዚህ ነው የዳታ ሴንተር ሰዎች ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደውን የክፍል ሙቀት 1 ዲግሪ የሚቀንሱት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አየሩ ይወፍራል ስለዚህ ያቺ 65 ጥቂት ትቀንስልሃለች፣ ግን የክፍሉ ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ጨምሮብሃል ያንን አትመልሰውም፣ በዛ ላይ ቺፑ በጋለ ቁጥር ሊኬጅ (ውስጡ በከንቱ የሚያልፍ ኮረንቲ) ይጨምራል እሱ ደግሞ ራሱ ሌላ ሙቀት ነው።

ለምን ብሉ ስክሪን ሆነ ላልከው፣ ሲሞቅ ውስጡ ያሉት ሽቦዎች ሬዚስታንስ ይጨምራል ትራንዚስተሮቹም ይዘገያሉ፣ በ4.7 ደግሞ አንዷን ስራ ለመጨረስ ያለው ጊዜ በጣም አጭር ነው። ቅዝቃዜ ላይ 1.29 ይበቃው የነበረው ሲግናል 95 ዲግሪ ላይ በሰአቱ አይደርስም፣ ያኔ የተሳሳተ ቢት ያነባል። እድለኛ ከሆንክ ዊንዶውሱ ይይዘውና 124 ብሎ ያቆምልሃል። እድለኛ ካልሆንክ ዝም ብሎ ያልፍና ኬኩ ላይ አረንጓዴ ይሆንልሃል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል አንተ ታውቀዋለህ፣ እኔ ብሉ ስክሪኑን እመርጣለሁ።

አሁን ሂሳቡን እየው። የሚያወጣው ሙቀት ፍሪኩዌንሲ ሲባዛ በቮልት ስኩዌር ነው። 4.4 ላይ 1.18 ይበቃዋል ብንል፣ 4.7 በ1.29 ማለት ፍጥነቱ 7 በመቶ ሲጨምር ሙቀቱ 28 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለ7 በመቶ!! ወደ 4.5 ብትወርድና በ1.22 ቢቆምልህ ካሁኑ 14 በመቶ ገደማ ሙቀት ይቀንስልሃል፣ አንድ ሰአት ይፈጅ የነበረው ሬንደር 63 ደቂቃ እንኳን አይሞላም።

ሌላው ፕራይም 95 የትኛው ቨርዥን ነው ያለህ? 26.6 ከሆነ ኤቪኤክስ የሚባለውን ፕሮሰሰር በጣም የሚያሞቅ የስሌት ትእዛዝ አይጠቀምም። አዳዲሶቹ ኤቪኤክስ 2 ይጠቀማሉ፣ ቪዲዮ ኢንኮደሮችም እንደዛው። ባዮስ (የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ላይ ቮልቱ አዳፕቲቭ ላይ ከሆነ ደግሞ ይሄ ዘር ፕሮሰሰር ኤቪኤክስ 2 ሲያገኝ አንተ ከጻፍከው በላይ ራሱ ቮልት ይጨምራል፣ ወደ 0.1 የሚጠጋ ሊሆን ይችላል። እስክትጨርስ ማኑዋል ላይ አድርገው። ሪንጉን ደግሞ (ኮሮቹን የሚያገናኘው መስመር ፍጥነት ነው፣ ካሽ ይለዋል አንዳንዱ ባዮስ) 4.0 ላይ ተወው፣ ለሬንደር የሚጠቅምህ ነገር የለም ግን ስቴብል እንዳይሆን ያደርግሃል።

የሮቢቱ ጥገና

ልጄ ሁለት በሽታ ነው ያለብህ፣ እንደ አንድ አታክመው። ከላይ የጻፈው ልጅ ያለው ትክክል ነው ግን ድው ብሎ የሚጠፋውን አላየልህም።

ብሉ ስክሪን አምጥቶ የሚነሳና ምንም ሳይል የሚጠፋ አንድ አይደለም። ኢቬንት ቪወር የሚባለውን የዊንዶውስ መዝገብ ክፈትና ሲስተም የሚለው ውስጥ ግባ። ዊያ ሎገር የሚል 18 ወይ 19 ቁጥር ያለው ካገኘህ ፕሮሰሰሩ ነው፤ 19 ማለት ተሳስቶ ራሱ አርሞታል ማለት ነው፣ ብሉ ስክሪን ከመምጣቱ በፊት ሲያስጠነቅቅህ ነው፣ 18 ከሆነ አልቻለም ወደቀ። ከርነል ፓወር 41 ብቻ ካገኘህና ዝርዝሩ ውስጥ በግቼክ ኮዱ (የብሉ ስክሪኑ ቁጥር) 0 ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ መብራት ነው ወይ ፓወር ሰፕላዩ ነው። ሀንግ አድርጎ በተኑን ተጭነህ ብታጠፋውም 41 ይጽፋልና እሱን ለይ።

የኛን መብራት ታውቀዋለህ። 9 ሰአት ላይ ጎረቤት ምጣድ ጥዶ እንጀራ ሲጋግር ቮልቱ ይወርዳል፣ ስታቢላይዘርህ ጣ ጣ እያለ ሪሌውን ይቀይራል። በዛች ቅጽበት መስመሩ ይቋረጣል። ስታንዳርዱ ፓወር ሰፕላይ መብራት ሲቋረጥበት 16 ሚሊሰከንድ ገደማ እንዲይዝ ነው የሚጠይቀው፣ የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዱ ዙር ብቻ 20 ሚሊሰከንድ ነው፣ አንድ ዙር ሙሉ ከዘለለ አለቀ። ያረጀ ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ደርቆ ያንንም አይዝም፣ ፕሮሰሰሩ ብዙ ዋት በሳበ ቁጥር ደግሞ ያንሳል። ደብረ ብርሃን ሌሊት ሰው ሁሉ ተኝቶ መስመሩ ጸጥ ብሎ ስትሰራ ነበር፣ እዚህ ቀን ነው የምትሰራው። ኤቪአር (ቮልት ማስተካከያ) ያለው ዩፒኤስ፣ ባትሪ ያለውን ማለቴ ነው፣ ፈልግ፣ ስታቢላይዘር ብቻውን አይሆንም። እስከዚያው ከምጣዱ መስመር ውጭ ሌላ ሶኬት ካለ እሱ ላይ ሰካው፣ በአንድ ዲቫይደር ላይ ፍሪጅና ኮምፒውተር አብሮ የሚሰካ ደንበኛ በየሳምንቱ ነው የሚመጣልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ፣ ማሽኑን በምን አመጣኸው? በፖርቶ መጋላ እንዳትለኝ ብቻ

ካሜራማኑ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አዎ በፖርቶ መጋላ ነው የመጣው፣ ሚኒባሱ ውስጥ ቦታ አልነበረም፣ ካርቶን ውስጥ አቁመን በፍራሽ ደግፈነው ነበር

የሮቢቱ ጥገና

በል እንግዲህ ከሁሉም በፊት ኬዙን ክፈት። ያ ኩለር ከነፋኑ ግማሽ ኪሎ ያልፋል፣ ኬዙ ሲቆም ደግሞ ከማዘርቦርዱ ወደ ጎን ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው። ከጣርማ በር እስከ ደብረ ሲና ያን ሁሉ ቁልቁለትና ኩርባ ሲንገጫገጭ ከወረደ ብሎኑ ባይላላም እንኳን ስሩ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱ፣ ይላቀቃል፣ አንድ ጎኑ ይሳሳል። እኔ እዚህ ከላይ ለሚመጣልኝ ኮምፒውተር መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ሳትፈታው በፊት ግን የየኮሩን ሙቀት ለየብቻ ተመልከት፣ ኤችደብልዩ ኢንፎ የሚባለው ፕሮግራም ያሳይሃል፣ አንዱ ወይ ሁለቱ ኮር ከሌሎቹ በጣም ከበለጠ ተላቋል።

ስትፈታው ማሽኑን ቀድመህ ትንሽ አሙቀው፣ ፔስቱ ይለሰልሳል። ከዛ ወደ ላይ አትሳበው፣ ግራ ቀኝ እያዞርክ አላቀው። ሁለቱንም ፊት በአልኮል ጥረግ፣ ፋርማሲ የሚሸጠው ይሆናል ውሃው የበዛበት እንዳይሆን ብቻ። አዲሱን ፔስት የሽምብራ ፍሬ አታክል፣ የምስር ፍሬ ይበቃዋል። ብሎኖቹን አንዱን ጥርቅም አርገህ ወደሌላው አትሂድ፣ በመስቀልኛ ትንሽ ትንሽ እያልክ አጥብቅ። ስትመለስ ደግሞ ማሽኑን አስተኛው፣ ማዘርቦርዱ ታች ሆኖ ኩለሩ ወደ ላይ እንዲቆም፣ ወይ ፈተህ ለብቻው ያዘው።

ሰላሌ_ነኝ

እኔ ግን አልገባኝም ለምንድነው ሁላችሁም ስለ 4.5 እና 4.7 የምትጨቃጨቁት? ሰውየው የሚፈልገው ሰርጉ ቶሎ እንዲያልቅለት ነው እኮ። 4790ኬ ውስጡ ኤችዲ 4600 ግራፊክስ አለው፣ እሱ ደግሞ ኩዊክ ሲንክ አለው፣ ኤች 264 ኢንኮድ ማድረግ ለብቻው የተሰራ ክፍል ነው። ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ሰክተህ ከሆነ አብዛኛው ባዮስ የውስጡን ያጠፋዋል፣ ባዮስ ገብተህ አይጂፒዩ (የውስጡ ግራፊክስ) መልቲ ሞኒተር የሚለውን ክፈተው፣ የኢንቴሉን ድራይቨር ጫን፣ ከዛ የምታኤዲትበት ፕሮግራም ኩዊክ ሲንክን የሚደግፍ ከሆነ ኤክስፖርት ስታደርግ ኢንኮዲንጉን ሃርድዌር በለው። እኔ ፍቼ የምሰራበት ማሽን አራተኛ ጀነሬሽን ነው ኬ እንኳን አይደለም፣ ኦቨርክሎክ የሚባል ነገር አያውቅም፣ በዚህ ብቻ ነው የምኖረው።

ጥራቱ በዝቅተኛ ቢትሬት ከሶፍትዌሩ ያንሳል አልዋሽም፣ በተለይ ጭስና ኮንፈቲ ሲኖር ይታወቃል። ቢትሬቱን ከፍ አድርገው በቃ፣ ደንበኛው በፍላሽ ነው የሚወስደው፣ ፍላሹ 32 ጊጋ ነው ማን ይጠይቅሃል

ቮልቴጅ

እሱ ልክ ነሽ እኔም አልከራከርም፣ ግን ኩዊክ ሲንክ መጨረሻ ላይ ያለውን ኢንኮዲንግ ብቻ ነው የሚወስድለት። ከለር፣ ስታቢላይዜሽን፣ ኖይዝ ማጽዳት ምናምን ከደረበበት አብዛኛው ስራ አሁንም ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። እና ፕሮሰሰሩ እየተሳሳተ ከሆነ የተበላሸውን ፍሬም ነው በፍጥነት ኢንኮድ የሚያደርግለት ሃሃ

ሰላሌ_ነኝ

አንተ ደግሞ መቼም መልስ አታጣ። እሺ መጀመሪያ ያስተካክል ከዛ ይክፈተው

ካሜራማኑ

ተመልሻለሁ፣ ያላችሁኝን ሁሉ አደረግኩ። ጋሼ እርስዎ እንዳሉት ሳልፈታው በፊት የየኮሩን ሳየው ሁለቱ 86 እና 87 ላይ ናቸው፣ ሌሎቹ ሁለቱ ግን 99። ስፈታው ፔስቱ በአንድ በኩል ደርቆ ተፈረፋፍሯል፣ ብረቱ ይታያል። ጠርጌ አዲስ ቀብቼ መለስኩት። ከሰአት ላይ ያንኑ ፕሮጀክት በ4.7 ስሞክረው 91 አልፎ አልሄደም፣ አራቱም ኮር ተቀራርበዋል። ብሉ ስክሪንም አልመጣም ግን ኢቬንት ቪወር ስገባ ዊያ 19 ተደርድሮ አገኘሁት፣ ሁሉም ከሰአት ነው፣ ጠዋት አንድም የለም።

ከዛ ወደ 4.5 አወረድኩት፣ ማኑዋል 1.22፣ ሪንጉ 40። አሁን በ34 ዲግሪ ክፍል 82 ነው ቢበዛ፣ 19ኙም ጠፋ። ሬንደሩ ልዩነቱ አይታወቅም እውነት ለመናገር። ኩዊክ ሲንኩንም ከፈትኩት እህቴ ተባረኪ፣ ዝም ያለ ከት ብቻ ያለበት ክፍል ላይ ይበራል፣ ከለር የበዛበት ላይ ግን ያን ያህል አይደለም ቮልቴጅ እንዳለው።

ድው ብሎ መጥፋቱ ደግሞ የመብራት ነው፣ 41 ከ0 ጋር ነው ያገኘሁት። ወንድሜ ጓሮ በኩል ካለው ሌላ መስመር ስቦልኛል እስካሁን ደህና ነው፣ ዩፒኤሱን አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አዝዘናል።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ፣ ሰኔ ላይ ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ ወደ 4.7 ልመልሰው ወይስ እንደዚሁ ልተወው? እና 1.22 ይበቃል ብዬ ልመን ወይስ ገና ልሞክር

ቮልቴጅ

ባዮስህ ፕሮፋይል ሴቭ ማድረግ ይችላል፣ ዜድ97 ላይ የሌለው አላየሁም። ይሄን 4.5ቱን ቆላ ብለህ ሴቭ አድርገው። 4.7ቱን ከፈለግክ ደጋ በለው፣ ግን ደብረ ብርሃንም ቢሆን ሌሊት ሳይሆን ፀሀይ በወጣበት ቀን 8 ሰአት ላይ መስኮት ዘግተህ ሞክረው፣ ከዛ ዊያ 19 አንድ እንኳን ከታየ ወደ 4.6 ውረድ። እኔ ብሆን ለገንዘብ የምሰራበት ማሽን ላይ 4.7 አልመልስም ነበር፣ ጌም ቢሆን ችግር የለውም ብሉ ስክሪን ቢመጣ ትስቃለህ ታልፋለህ።

1.22ን ለማወቅ እንዲህ አድርግ፣ በ0.01 እየቀነስክ ዊያ 19 እስኪመጣ ውረድ፣ የመጣበት ላይ 0.02 ጨምርና እዛ ተወው። መሞከሪያው ፕራይም ብቻ አይሁን፣ ካሉህ ፕሮጀክቶች ከባዱን መርጠህ በጣም በሚሞቅበት ሰአት ደጋግመህ ኤክስፖርት አድርገው፣ ከሲንተቲክ ቴስት ይልቅ እሱ ነው የሚያምንህ ደንበኛ የሚያገኘው ነገር። አንዳንዱ ማሽን ፕራይምን ሌሊቱን ሙሉ አልፎ ኢንኮድ ላይ ይወድቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጭነቱ ሲያልቅ ቮልቱ ከፍ ዝቅ ሲል ስራ ፈትቶ ቁጭ ብሎ ነው የሚወድቀው፣ ስለዚህ ሞክረህ ስትጨርስ ባዶውንም ትንሽ ተወው። ኢንፑት ቮልቴጅ (ማዘርቦርዱ ለፕሮሰሰሩ የሚሰጠው ዋናው ቮልት) የሚለውን 1.8 ላይ ተወው፣ እሱን ወደ 1.9 የምትነካው 4.7 ላይ ስትመለስና ጭነት ሲበዛ ብቻ ነው።

የሮቢቱ ጥገና

አቧራውንም አትርሳ፣ የሮቢት አቧራ ደቃቅ ነው የኩለሩ ክንፍ መሀል ገብቶ እንደ ጨርቅ ይዘጋዋል። ስትነፋው ፋኑን በጣትህ ያዘው እንዳይሽከረከር። ከኋላ ያለው የኬዝ ፋን ወደ ውጭ እየነፋ መሆኑንም እይ፣ ባለፈው ያመጡልኝ ማሽን ገልብጠው ሰክተውት ሁለቱም ወደ ውስጥ ነበር የሚነፉት።

ቁርጥ_ከነአዋዜው

እኔም ላግዝ እንግዲህ፣ ራሙ ኤክስኤምፒ (ራምን ከመደበኛው በላይ የሚያስኬድ ሴቲንግ) ላይ ነው ያለው? ዊያ ሎጉ ንጹህ ሆኖ ያ አረንጓዴ ብልጭታ አሁንም ካልጠፋ ፕሮሰሰሩን ተወውና ሜምቴስት የሚባለውን የራም መፈተሻ በፍላሽ አስነስተህ አንድ ሌሊት አሳድረው፣ ኤረር ካሳየ ኤክስኤምፒውን አጥፋና 1600 ላይ አርገህ ድጋሚ ሞክረው፣ ያም ሆኖ ካሳየ አንዷን ራም ነቅለህ አንዷን ብቻ እያስገባህ የትኛዋ እንደሆነች ለይ

ካሜራማኑ

ኤክስኤምፒ ላይ ነው 2133። ዛሬ ማታ ሜምቴስት ከፍቼው እተኛለሁ፣ ጠዋት ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ